ከክኒኑ በፊት ናሙናው፦ ስለ ወንዶች የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን

በላቦራቶሪ የናሙና መቀበያ መስኮት ጀርባ ለዓመታት የሠራ ሰው ስለ ወንዶች አንድ ነገር ያስተውላል፤ ራስ ምታቱንና የጨጓራውን ነገር ጮክ ብሎ የሚናገር ወንድ፣ ወደ ሽንቱ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አንዳንዱም ምንም ሳይናገር የሐኪሙን ወረቀት ብቻ በመስኮቱ አሳልፎ ይሰጣል። እኔ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒትም አላዝም። ይሁን እንጂ በዚያ መስኮት የሚያልፉትን ወረቀቶችና ናሙናዎች ለረጅም ጊዜ ሳይ ከቆየሁ በኋላ አንድ እምነት አድሮብኛል፦ ወንድ ላይ የሚታይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ስሙ ስለታወቀ ብቻ ያለቀለት ጉዳይ አይደለም፤ የትኛው የሰውነት ክፍል ላይ እንዳለና ለምን እንደገባ ገና መጠየቅ አለበት። ለዚህ ጥያቄ የተሻለውን መልስ የሚሰጠው ደግሞ የመጀመሪያው ክኒን ከመዋጡ በፊት የተወሰደ ናሙና ነው።

ጥያቄው በወንድ ላይ የሚከብድበት ምክንያት ከአፈጣጠሩ ይጀምራል። የሴት የሽንት መውጫ ቧንቧ ርዝመት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የወንዱ ከ18 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ኢንፌክሽኑን ከሚያመጡት ተሕዋስያን መካከል ዋነኛው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ የዘወትር መኖሪያው አንጀት ስለሆነ ከፊንጢጣ አካባቢ ተነሥቶ ፊኛ ውስጥ ለመግባት በሴት አጭር፣ በወንድ ግን ረጅም መንገድ መጓዝ ይኖርበታል። በዚህ ላይ ከፊኛ በታች የሽንት ቧንቧውን ከቦ ያለው የፕሮስቴት እጢ የሚያመነጨው ፈሳሽ ባክቴሪያን የመግታት አቅም አለው። ስለዚህ ዕድሜው ከ50 ዓመት በታች የሆነ ጤነኛ ወንድ በዚህ ሕመም የሚያዘው እምብዛም ነው። ከ50 በኋላ ፕሮስቴት እያበጠ ሲሄድ ታማሚው ይበዛል፤ በዕድሜ እጅግ በገፉት ዘንድ ደግሞ በወንድና በሴት መካከል ያለው ልዩነት እየጠበበ ይመጣል። ሐኪሞች የወንድን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ለረጅም ጊዜ ‹‹ከተወሳሰቡት›› ጎራ ሲመድቡት የኖሩት ያ ሁሉ መከላከያ ከታለፈ አንድ የተበላሸ ነገር ሊኖር ይችላል ብለው ስለሚጠረጥሩ ነው።

ኢንፌክሽኑ ፊኛ ላይ ሲሆን ምልክቶቹን ለማወቅ ብዙ አያስቸግርም። ሽንት ሲወጣ ያቃጥላል፤ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ሲመጣ ያጣድፋል፣ ሲሸኑት ግን ጥቂት ነው፤ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ ከእምብርት በታች ይከብዳል ወይም ያማል፤ ሽንቱ ይደፈርሳል፣ ጠረኑ ይለወጣል፣ አንዳንዴም ደም ይቀላቀልበታል። ትኩሳት ግን ብዙውን ጊዜ የለም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ማንቀጥቀጥ ከመጡ፣ ከጎድን በታች በአንድ ወገን ጎን ላይ ሕመም ከተሰማ፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ከታከለበት፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ወጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ቦታ ፕሮስቴት ነው፤ ወንዶችም ስሙን ሰምተው ምልክቱን የማያውቁት እዚህ ላይ ነው። አጣዳፊ የፕሮስቴት ኢንፌክሽን ድንገት ይጀምራል፤ ከፍተኛ ትኩሳት ያመጣል፤ በዘር ፍሬ ከረጢትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቦታ ላይ፣ በታችኛው ወገብና በብልት ላይ ያማል፤ ለመቀመጥ ያስቸግራል፤ የሽንቱ አወጣጥ ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል፣ አልፎ አልፎም ጭራሽ ይዘጋል።

በእኛ አገር ይህ ትኩሳት የሚወስደውን ጠማማ መንገድ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አንድ ወንድ እየተንቀጠቀጠ ሲመጣ ‹‹ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም›› የሚለው ግምት ከሌላው ሁሉ ይቀድማል፤ ወደ ላቦራቶሪ የሚላከውም ዊዳል ለተባለው የደም ምርመራ ነው። ዊዳል ከዚህ በፊት በነበረ ንክኪ ወይም በሌላ ሕመም ምክንያት ጭምር አዎንታዊ ሊሆን የሚችል፣ ብቻውን የሚታመንበት ያልሆነ ምርመራ ነው። ውጤቱ ‹‹አለብህ›› ሲል መድኃኒቱ ይጀመራል፤ ሽንቱን ማንም ሳያየው ይቀራል። ለታይፎይድ ተብሎ የተሰጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ የኩላሊቱን ወይም የፕሮስቴቱን ኢንፌክሽን ለጥቂት ቀናት ያስታግሰዋል፤ ታማሚውም ‹‹ታይፎይዴ ለቀቀኝ›› ይላል። ከወር በኋላ ‹‹ታይፎይዴ ተመለሰ›› ብሎ ይመጣል። በእኔ አስተያየት ትኩሳት ላለበት ወንድ የሽንት ምርመራ ማዘዝ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ስለሆነ ሊታለፍ አይገባውም።

ስለ ወጣቶቹ የተለየ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ ወንድ ሽንቱ ሲያቃጥለው፣ በተለይ ከብልቱ ጫፍ ፈሳሽ ወይም መግል ከታየ፣ በቅድሚያ የሚታሰበው የፊኛ ኢንፌክሽን ሳይሆን ጨብጥና ክላሚዲያን የመሰለ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ ነው። ለዚህ ማቃጠል ሕዝቡ ሲወርድ ሲዋረድ የመጡ ማብራሪያዎች አሉት፤ በጨረቃ ፊት መሽናት፣ ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ መሽናት ወይም መቀመጥ፣ ብርድ መመታት። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ለባልደረባዬ ናሙናቸውን ሲሰጧት፣ ሳትጠይቃቸው፣ ‹‹ልጄ፣ ብርድ መቶኝ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ›› ብለዋት ነበር። እርሷም ‹‹እሺ አባባ፣ ምንም አይደል፤ ብርዱንም እናየዋለን›› ብላ ዕቃውን ተቀበለቻቸው። እንዲህ ዓይነቱ ማብራሪያ የሰውን ክብር ይጠብቃል፤ ለዚያም ይመስለኛል ዕድሜው የረዘመው። ጉዳቱ ግን ለትዳር ጓደኛ ይተርፋል፤ ጨረቃ ያመጣችው ሕመም ከሆነ ሚስትን ወይም ፍቅረኛን ማሳከም አያስፈልግምና በሽታው በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። ክላሚዲያ ደግሞ በብዙዎች ላይ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቆያል።

እዚህ ላይ ለናሙና አሰጣጥ ትልቅ ቁም ነገር የሆነ ልዩነት አለ። ጨብጥንና ክላሚዲያን በዘረ መል ምርመራ ለመፈለግ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው የሽንት ክፍል ነው፤ ተሕዋስያኑ ያሉት ቧንቧው ላይ በመሆኑ የመጀመሪያው ፍሰት ጠርጎ ያመጣቸዋል፤ ከመስጠቱ በፊትም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያህል አለመሽናት ይገባል። ለፊኛ ኢንፌክሽን ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ከሽንቱ አብቅሎ ለሚለየው ምርመራ፣ የሚያስፈልገው ግን መካከለኛው ነው። ቆሞ ኩባያውን ከመጀመሪያው ጠብታ ጀምሮ እስከ አፉ የሚሞላ ሰው ለሁለቱም የማይሆን ናሙና ሰጠ ማለት ነው፤ እኛ መስኮቱ ጋር ያለነውም ይህን በግልጽ ለማስረዳት ጊዜ የማንሰጥ ከሆነ ጥፋቱ የታማሚው አይደለም።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። ሽንት ለጥቂት ሰዓታት ፊኛ ውስጥ ከቆየ በኋላ ቢሰጥ ይመረጣል፤ የጠዋቱ ለዚህ ይመቻል። እጅን መታጠብ፣ የብልትን ጫፍ በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ የመጀመሪያውን ሽንት ወደ መጸዳጃው መልቀቅ፣ ፍሰቱን ሳያቋርጡ ዕቃውን አስገብቶ መካከለኛውን መቀበል፣ የቀረውን እንደገና ወደ መጸዳጃው መጨረስ። ዕቃው ላቦራቶሪው የሰጠው ንጹሕና ክዳን ያለው ይሁን፤ ከቤት ታጥቦ የሚመጣ የሽሮፕ ጠርሙስ ምንም ያህል ቢጸዳ ለካልቸር አይሆንም። ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው፤ ናሙናው በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተሠራ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ በክፍል ሙቀት የተተወ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ በግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ራሱን እጥፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ጠዋት ተሰጥቶ ከሰዓት በኋላ የሚታይ ናሙና የሚነግረን ስለ ታማሚው ፊኛ ሳይሆን ስለ ጠረጴዛው ሙቀት ይሆናል።

‹‹ሽንት ታየልኝ›› ሲባል ብዙ ሰው አንድ ምርመራ ይመስለዋል፤ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሽንት ውስጥ ተነክራ ቀለሟ የሚለወጠው ስትሪፕ ናት። ከምታሳያቸው ነገሮች መካከል ለኢንፌክሽን የሚጠቅሙት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ነጭ የደም ሴሎች የሚለቁትን ኢንዛይም፣ ሌላው ናይትራይትን ያመለክታል። ናይትራይት የሚገኘው አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሽንት ውስጥ ያለውን ናይትሬት ሲለውጡት ነው፤ ለዚህም 4 ሰዓት ያህል ጊዜ ይፈልጋሉ። በየግማሽ ሰዓቱ የሚሸና ታማሚ ለባክቴሪያው ይህን ጊዜ አይሰጠውም፤ ኢንትሮኮከስን የመሰለው ባክቴሪያ ደግሞ ከነጭራሹ ናይትሬትን አይለውጥም። ስለዚህ በወንድ ላይ ናይትራይት ከታየ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ አለመታየቱ ግን ‹‹ኢንፌክሽን የለም›› የሚያሰኝ አይደለም።

ሁለተኛው ማይክሮስኮፕ ነው። የተሽከረከረውን ሽንት ዝቃጭ በመስታወት ላይ አድርገን በአንድ የእይታ ክብ ውስጥ ያሉትን ነጭ የደም ሴሎች እንቆጥራለን፤ በውጤት ወረቀት ላይ ‹‹ፐስ ሴል›› ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው። ከ5 ወይም ከ10 በላይ ሲሆን መቆጣት አለ ማለት ነው፤ የመቆጣቱን ምክንያት ግን ቁጥሩ አይናገርም። ጨብጥም፣ ጠጠርም፣ ፕሮስቴትም ነጭ የደም ሴልን ያበዛሉ። ነጭ የደም ሴል ሞልቶ በተለመደው ካልቸር ምንም የማይበቅልበት ሁኔታ ሲደጋገም የሽንት አካላትን የሚያጠቃ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ መፈለግ አለበት፤ ቲቢ ብዙ ሰው በሚያዝበት አገር ይህ ከዳር የሚቀመጥ ግምት አይደለም። ቆላማ አካባቢ ለኖረ ሰው ደግሞ ደም ያለበት ሽንት ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በታችኛው ዋቤ ሸበሌ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ኩርሙክ አካባቢ የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዚያ የተባለው የትል በሽታ መኖሩ የታወቀ ነው። የትሉ እንቁላል ሽንት ውስጥ በብዛት የሚወጣው ከረፋዱ እስከ ቀትር በኋላ ባሉት ሰዓታት ስለሆነ፣ ማለዳ የተሰጠ ናሙና ንጹሕ መስሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ለዚህ ምርመራ የመጨረሻው የሽንት ክፍል ይሻላል። ስለዚህ ‹‹የት ነው የኖርከው?›› የሚለው ጥያቄ ከሌሎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ርካሹና ብዙውን ጊዜ የሚረሳው ነው።

ሦስተኛው ካልቸር ነው፤ እኔ የምወደውም ይህንኑ ነው። በልኩ የተሠራ ቀለበት ወደ ሽንቱ ተነክሮ በማብቀያ ሳህን ላይ ይሰመራል፤ ሳህኑ በሰውነት ሙቀት አካባቢ ሌሊቱን ያድራል፤ በማግሥቱ የበቀለው ይቆጠራል፣ ማንነቱ ይለያል፣ ከዚያም በልዩ ልዩ መድኃኒቶች ፊት ይፈተናል። ስለዚህ ሙሉ ውጤት ለማግኘት 2 ወይም 3 ቀን ይፈጃል። ለረጅም ጊዜ መለኪያ ሆኖ የኖረው በአንድ ሚሊ ሊትር 100,000 ባክቴሪያ የሚለው ቁጥር የመጣው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ካስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በዋናነት በሴቶች ላይ ካደረገው ሥራ ነው። ምልክት ባለበት ወንድ ላይ ግን በጥንቃቄ ከተወሰደ ናሙና 1,000 የሚያህል አንድ ዓይነት ባክቴሪያ መገኘቱም ትርጉም አለው። ‹‹100,000 አልሞላም፤ ኢንፌክሽን የለብህም›› ተብሎ የሚመለስ ወንድ ሳይ ይከነክነኛል። በአንጻሩ ሦስትና አራት ዓይነት ባክቴሪያ አብሮ ቢበቅል የናሙናው አወሳሰድ ተበላሽቷል ማለት ስለሆነ መድገም ነው የሚሻለው።

በብዙ ጤና ጣቢያዎች ካልቸር አይሠራም፤ በሚሠራባቸው ከተሞችም ዋጋው ለሁሉም አይመችም። ይህን እያወቅሁ ‹‹በወንድ ላይ ሁልጊዜ ካልቸር ይሠራ›› ማለቴ የቅንጦት ምክር ሊመስል ይችላል። ሆኖም ናሙና መስጠት ማለት ሕክምናን ማዘግየት ማለት አይደለም፤ ናሙናው ይሰጣል፣ መድኃኒቱ በዚያው ቀን ይጀመራል፣ ውጤቱ ሲደርስ መድኃኒቱ ልክ መሆኑ ይረጋገጣል ወይም ይለወጣል። ነገሩን የሚያበላሸው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው። ከፋርማሲ መስኮት ‹‹ሽንት የሚያቃጥል›› ብሎ በገዛው ክኒን ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ የሚመጣ ሰው ሽንት ውስጥ በሳህናችን ላይ ምንም ላይበቅል ይችላል፤ ሕመሙ ግን አለ፤ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት የሚነግረን ማስረጃ ጠፍቷል። አንቲባዮቲክ በሐኪም ማዘዣ ብቻ መሸጥ እንዳለበት ሕጉ ቢደነግግም በየሰፈሩ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እንደ አሞክሳሲሊንና ኮትሪሞክሳዞል ያሉት በርካሽ የሚገኙ መድኃኒቶች በኢ. ኮላይ ላይ ኃይላቸው እጅግ መድከሙን በየሳህኑ ላይ እናየዋለን፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንም በዚያው መንገድ ላይ ነው።

ወደ ሕክምናው ስመጣ፣ የምናገረው ከሐኪሞች ጋር በመሥራትና መመሪያዎችን በማንበብ ያወቅሁትን ነው። ለሴት የፊኛ ኢንፌክሽን አጥጋቢ የሆነው ናይትሮፉራንቶይን ሽንት ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ወደ ሥጋ ግን በበቂ መጠን አይሰርግም። ስለዚህ ፕሮስቴቱ ተነክቷል ተብሎ በሚጠረጠር ወንድ፣ ወይም ትኩሳት ካለ፣ አይመረጥም፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰውም አይሆንም። ወደ ፕሮስቴት በደንብ ከሚገቡት መካከል እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉት ፍሎሮኪኖሎኖችና ኮትሪሞክሳዞል ይገኛሉ፤ ባክቴሪያው ግን አስቀድሞ ያልተለማመዳቸው መሆን አለበት። የሚሰጥበት ጊዜ ርዝማኔም በቦታው ይለያያል። ትኩሳት ለሌለበት ወንድ 7 ቀን እንደሚበቃ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ በአሜሪካ 272 የቀድሞ ወታደሮችን ያካተተ ጥናት አሳይቷል፤ በዚያ ጥናት የ7 ቀኑ ሕክምና ከ14 ቀኑ ያነሰ ውጤት አላመጣም። ትኩሳት ሲኖር ብዙውን ጊዜ 14 ቀን ይታዘዛል፤ ለአጣዳፊ የፕሮስቴት ኢንፌክሽን ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ሥር ለሰደደው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊደርስ ይችላል። ‹‹ለምን የእኔ ይህን ያህል ረዘመ?›› ብሎ የሚያጉረመርም ሰው፣ ወንድሙ በሳምንት የዳነው ኢንፌክሽኑ ያለበት ቦታ ስለተለየ ነው። ለጨብጥ ደግሞ ሲፕሮፍሎክሳሲን መልስ መሆኑ ቀርቷል፤ ባክቴሪያው በብዛት ስለተለማመደው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ፍሎሮኪኖሎኖችን ለዚህ በሽታ ከሚመከሩት ውስጥ አውጥቷቸዋል።

ሲፕሮፍሎክሳሲን በቤታችን እንደ ማስታገሻ ክኒን ስለተለመደ ጥቂት ልጨምር። ወተትና እርጎ ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል፤ የጨጓራ ማስታገሻና የብረት ክኒንም እንደዚሁ። ሐኪሙ ያዘዘውን በወተት የሚውጥ ሰው ከመድኃኒቱ ከፊሉን ወደ አንጀቱ ጥሎ ባክቴሪያውን አሠለጠነ ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል መድኃኒቱ ጅማትን እስከ መበጠስ ሊያደርስ፣ ነርቭንና ስሜትን ሊነካ ስለሚችል፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ሌላ አማራጭ ላላቸው ቀላል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽኖች እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል። በተለይ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ የሚወስዱ ሰዎች ከተረከዛቸው በላይ ያለው ጅማት ካመማቸው መድኃኒቱን አቁመው ሐኪማቸውን ማነጋገር አለባቸው። ኮትሪሞክሳዞልም ለሰልፋ አለርጂ ላለበት ሰው አይሆንም።

መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ያጠፋል፤ ባክቴሪያው የገባበትን በር ግን አይዘጋም። ከበሮቹ ሁሉ የተለመደው ሙሉ በሙሉ ባዶ የማይሆን ፊኛ ነው። ፕሮስቴት ሲያብጥ የሽንቱን መውጫ ይጫናል፤ ሰውየው ሸንቶ ሲጨርስ ውስጥ የሚቀረው ሽንት እንደ ቆመ ኩሬ ውኃ ለባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል። ይህን ማወቅ ከባድ አይደለም፤ ከሸና በኋላ በአልትራሳውንድ ፊኛው ውስጥ የቀረው መጠን ይለካል። ሁለተኛው የስኳር ሕመም ነው፤ በሽንት ምርመራ ወረቀት ላይ ‹‹ግሉኮስ›› የሚለው መስመር አዎንታዊ ሆኖ ስኳር እንዳለበት ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀ ሰው ጥቂት አይደለም። ሦስተኛው ጠጠር ነው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በግንባታና በሾፌርነት የሚሠሩ ወንድሞቻችን በዚያ ሙቀት ውኃ ሳይጠጡ፣ መጸዳጃ ፍለጋ ላለመቆምም ሽንታቸውን ይዘው ስለሚውሉ ለጠጠር ይበልጥ ይጋለጣሉ። አራተኛው ቱቦ ነው፤ የሽንት ቱቦ በቆየ ቁጥር ባክቴሪያ ይከተለዋል፤ ስለዚህ ቱቦ የገባላቸው አባት ያሉት ቤተሰብ ‹‹ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?›› ብሎ መጠየቅ አያስነውረውም።

ጫትንም እዚሁ ላይ ላንሳ፤ ቅሞ የሚያውቅ ሁሉ ‹‹ሽንት ያስቸግራል›› ሲል ይሰማል እንጂ ምክንያቱን አይጠይቅም። ጫት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የፊኛን አንገት የሚያጠብቁትን ጡንቻዎች ያነቃቃል፤ የመን ውስጥ በጤነኛ ወንዶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት ጫት የሽንትን ፍሰት እንደሚቀንስና ጡንቻውን የሚያላላ መድኃኒት ይህን እንደሚያቃልለው አሳይቷል። ፕሮስቴቱ አስቀድሞ ያበጠ ሰው ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሲቅም ቢውል ማታ ሽንቱ ቢዘጋበት አያስገርምም። አፍንጫ ለሚዘጋ ጉንፋን የሚሸጡ፣ ሱዶኤፌድሪን ያለባቸው ክኒኖችም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ።

አረጋውያንን በሚመለከት ሐሳቤ ከብዙ ቤተሰቦች ሐሳብ ጋር ይጋጫል። ምንም ምልክት ሳይኖር ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘት በዕድሜ በገፉት፣ በተለይ ቱቦ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ለምሳሌ ሽንት ቧንቧን የሚነካ ቀዶ ሕክምና ሊደረግ ሲል፣ አይታከምም። ልጆቻቸው የ‹‹ባክቴሪያ አለ›› ውጤት ይዘው መድኃኒት እንዲታዘዝላቸው ሲጨቀጭቁ፣ የሚያገኙት ትርፍ ተቅማጥና መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው። በሌላ በኩል አዛውንቱ ድንገት ተደናግረው፣ ትኩሳት ኖሯቸው ወይም ሽንታቸው ቆሞ ከሆነ ነገሩ ከቶ ሌላ ነው፤ ለዚያ ሐኪም ማየት ለነገ አይባልም።

ወደ ድንገተኛ ክፍል ወዲያው የሚያስኬዱትን በአጭሩ ልበል። ሽንት ሙሉ በሙሉ መዘጋቱ፤ ትኩሳት ከመንቀጥቀጥ ጋር፤ መድኃኒት ሆድ ውስጥ የማያስቀምጥ ማስመለስ፤ በወጣት ላይ ድንገት የመጣ የዘር ፍሬ ሕመም፣ ይህ ኢንፌክሽን ሳይሆን የዘር ፍሬው መጠምዘዝ ሊሆን ስለሚችልና ለማዳን ያለው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ስለሆነ። ምንም ሳያም ሽንት ውስጥ ደም ማየት ደግሞ፣ በተለይ ዕድሜው ከ45 በላይ በሆነና በሚያጨስ ሰው ላይ፣ የፊኛ ካንሰር መኖር አለመኖሩ ሳይጣራ ‹‹ኢንፌክሽን ነው›› ተብሎ በክኒን መታለፍ የለበትም።

መድኃኒቱ ካለቀና ምልክቱ ከጠፋ፣ ‹‹ለማረጋገጥ›› ተብሎ የሽንት ምርመራ መድገም ለአብዛኛው ሰው አያስፈልግም። ሕመሙ ከተመለሰ ግን አዲሱ ካልቸር ከአሮጌው ጋር ይነጻጸር፤ ያው ባክቴሪያ ከነጠባዩ ከተመለሰ የተደበቀበት ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ ፕሮስቴት ወይም ጠጠር፣ ይፈለጋል፤ የተለየ ከሆነ ግን አዲስ ኢንፌክሽን ገብቷል። የአሮጌውን ውጤት ወረቀት ከሐኪም ሐኪም ይዞ መዞር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ኢንፌክሽኑ ገና እንደተሻለው ወይም ሳይሻለው ፒኤስኤ የተባለውን የፕሮስቴት የደም ምርመራ የሚያሠራ ሰውም ይገጥመናል፤ በውጭ አገር በዓመታዊ ምርመራ ላይ ሳያስቡት የተሠራላቸውም አሉ። ኢንፌክሽን ይህን ቁጥር በጣም ከፍ ያደርገዋል፤ ቁጥሩን አይቶ ‹‹ካንሰር ነው›› ብሎ ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ ሰው ውጤቱ ሲደገም ወርዶ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ከኢንፌክሽኑ ቢያንስ 6 ሳምንት በኋላ ይሠራ፤ ያኔም ከፍ ብሎ ከተገኘ ጉዳዩ የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት ነው።